እናቴ ከእኛ ጋር እየኖረች ብቸኝነት ግፊቷን ሊጨምረው ይችላል?

ጥያቄ፦ እናቴ 69 ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ ካመጣኋት ዓመት ከአራት ወር ሆናት። እዚያ እያለች ግፊቷ በመድኃኒት 130 በ80 አካባቢ ነበር፤ አሁን በዚያው መድኃኒት 150 እና ከዚያም በላይ ይላል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ትነቃለች። ቀን ቀን ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርጋ ከፍታ ትቀመጣለች፤ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ትላለች። እኔና ባለቤቴ እንሠራለን፤ ልጆቻችን አማርኛ ብዙም አይችሉም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እወስዳታለሁ። ከእኛ ጋር እየኖረች እንዴት ብቸኛ ትሆናለች? ብቸኝነት በቀን 15 ሲጋራ ከማጨስ እኩል ነው የሚባለውስ እውነት ነው? በአፍንጫ የሚነፋ ኦክሲቶሲን በኢንተርኔት ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ልግዛላት? ወይስ ወደ አገር ቤት ብትመለስ ይሻላል?

መልስ፦ ሰው በቤተሰብ መካከል እየኖረ ብቸኛ ሊሆን ይችላል፤ ብቸኝነትም የደም ግፊትን ይነካል። ነገር ግን የእናትዎ ግፊት በ20 ነጥብ የጨመረው በሙሉ በብቸኝነት ነው ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። ኦክሲቶሲኑን አይግዙ። ወደ አገር ቤት የመመለሱን ጉዳይ ደግሞ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ለ12 ሳምንት ሳይሞክሩ አይወስኑ።

ብቻ መሆን በቁጥር የሚታወቅ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ፣ በሳምንት ከስንት ሰው ጋር ይገናኛሉ ተብሎ ይቆጠራል። ብቸኝነት ግን ሰው በሚፈልገው ግንኙነትና ባለው ግንኙነት መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ አንጎል የሚከታተለውም ይህንኑ ክፍተት ነው። የእናትዎን አንድ ቀን ያስቡት። ጠዋት ሁላችሁም ትወጣላችሁ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ መጥተው ስልካቸው ላይ ይደፋሉ። ማታ እርስዎ ደክመው ገብተው «መድኃኒትሽን ወሰድሽ? በላሽ?» ይላሉ። ይህ ትልቅ እንክብካቤ ነው፤ ጨዋታ ግን አይደለም። አዲስ አበባ ሳሉ ሳታንኳኳ የምትገባ ጎረቤት፣ እድር፣ የጽዋ ማኅበር፣ የሚደርሱበት ለቅሶ፣ ምክር ሊጠይቃቸው የሚመጣ ሰው ነበራቸው። እዚያ ሰጪ ነበሩ፤ እዚህ ተቀባይ ብቻ ሆኑ። ልጅ የቱንም ያህል ቢወድ የእኩያን ቦታ አይሞላም።

በአንጎል ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። በ2020 ከማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በወጣ ጥናት 40 ጤነኛ ሰዎች አንድ ቀን ያለ ሰውና ያለ ስልክ 10 ሰዓት እንዲቆዩ፣ በሌላ ቀን ደግሞ ያለ ምግብ 10 ሰዓት እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚያ አንጎላቸው በምስል ሲታይ፣ ከመሃል አንጎል ዶፓሚን የሚባለውን የመሻት ኬሚካል የሚያመነጨው ክፍል ብቻቸውን ከዋሉ በኋላ ለሰዎች ፎቶ የሰጠው ምላሽ፣ ከጾሙ በኋላ ለምግብ ፎቶ ከሰጠው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። «ሰው ተራብኩ» የሚባለው እንዲሁ አነጋገር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ረሃቡ የአንድ ቀን ሲሆን ሰውን ወደ ሰው ይገፋል፤ ጥሩ ምልክት ነው። ወራት ሲቆይ ግን መልኩን ይቀይራል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጆን ካሲዮፖ ለብዙ ዓመታት ያጠናው ይህንን ነበር፦ አንጎል ከመንጋ ተነጥሎ መቅረትን እንደ አደጋ ስለሚቆጥር ዘብ ይቆማል። የሰው ፊት ላይ ቅሬታን ቶሎ ያያል፣ ግብዣን «ሰው ማስቸገር ነው» ብሎ ይተረጉማል፣ እንቅልፉም ቀላል ይሆናል።

ዘብ መቆም ደግሞ የደም ሥር ሥራ ነው። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ስጋትን ሲያስተውል መልእክቱ ወደ ሃይፖታላመስ ያልፋል፤ ከዚያ በሁለት መንገድ ይወርዳል። አንደኛው ፈጣን ነው፦ ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ነርቮች ኖርአድሬናሊን ለቀው ትናንሽ ደም ሥሮችን ያጠብባሉ፣ የልብን ምት ያፋጥናሉ፣ ኩላሊትም ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ። ሁለተኛው ዘገም ያለ ነው፦ ፒቱታሪ የሚባለው የአንጎል እጢ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል እጢዎች አዝዞ ኮርቲሶል ያስለቅቃል። ኮርቲሶል ለአጭር ጊዜ ብግነትን፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣት፣ ያበርዳል፤ ለወራት ሲቆይ ግን የመከላከያ ሕዋሳት ትእዛዙን መስማት ያቆማሉ፣ ብግነቱም ሳይበርድ ይቀጥላል። በዚህ ላይ ሌሊት አለ። በጤነኛ እንቅልፍ የደም ግፊት ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ መውረድ አለበት። እንደ እናትዎ ሦስት አራት ጊዜ የሚነቃ ሰው ይህን የሌሊት እረፍት ሊያጣ ይችላል፤ ያኔ ልብና ደም ሥር ሃያ አራት ሰዓት ሥራ ላይ ይሆናሉ።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ2010 የታተመ የቺካጎ ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 68 የሆነ 229 ሰዎችን ለአምስት ዓመት ተከታትሎ፣ በመጀመሪያ ብቸኝነት ይሰማቸው የነበሩት በቀጣዮቹ ዓመታት የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው ይበልጥ እንደጨመረ አሳይቷል። የድብርትና የውጥረት ድርሻ ተቀንሶ ሲታይም ልዩነቱ ነበረ። ሆኖም ጭማሪው በዓመታት ቀስ እያለ የሚጠራቀም ነው። በ16 ወር ውስጥ 20 ነጥብ ሲዘል ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ነው።

ከሁሉ በፊት አለካኩን ያስተካክሉ። ክንድ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ይጠቀሙ፤ የእጅ አንጓውን ይተዉት። እናትዎ ሽንታቸውን ሸንተው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያጣምሩ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንዳቸው በልባቸው ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ማሰሪያው በሹራብ ላይ አይታሰር። ሲለካ አይናገሩ፣ የልጅ ልጅም ጭናቸው ላይ አይውጣ፤ ማውራት ብቻውን ቁጥሩን ያዘልለዋል። ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ ይለፍ። ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ በየመሃሉ አንድ ደቂቃ እያሳለፉ ለሰባት ቀን ይመዝግቡ፤ የመጀመሪያውን ቀን ጥለው የቀረውን አማካይ ይውሰዱ። ቤት ውስጥ የተለካ አማካይ 130 በ80 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በአሜሪካ መመሪያ ከፍተኛ ነው። 180 በ120 አልፎ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ የንግግር መወላገድ ከታየ ግን መዝገብ አይጠበቅም፤ 911 ይደውሉ።

ከዚያ መድኃኒቱን ይቁጠሩ። ብልቃጡ ውስጥ የቀረው ፍሬ ከቀኑ ጋር ይገጥማል? በጾም ወራት እስከ ቅዳሴ መውጫ እየቆዩ የጠዋቱን የሚዘሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ከሆነ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ማዛወር እንጂ መቆጣት አይረዳም። ለጉልበት ሕመም አይቡፕሮፌን ወይም ናፕሮክሰን ይወስዳሉ? ሁለቱም ግፊት ይጨምራሉ። የአፍንጫ መታፈንን የሚከፍቱ የጉንፋን መድኃኒቶችም እንዲሁ። ጨውስ? የታሸገ ሾርባና የሱቅ ዳቦ ቤት ከሚሠራው ሽሮ የበለጠ ጨው ሊይዝ ይችላል። ሌሊት የሚያንኮራፉና ትንፋሻቸው ቆም የሚል ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ የማያቋርጥ መንቃትንም የማይወርድ ግፊትንም በአንድ ላይ ያስረዳል።

«ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ላይ ቆም ልበል። ይህ አባባል ቃል በቃል ከተተረጎመ ሐኪሙ የሆድ ምርመራ ያዛል። ትርጉሙ የሆድ ሕመም አይደለም፤ የመከፋት፣ የባዶነት፣ ያለ ምክንያት የመፍራት ስሜት ነው። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን እርስዎም ልጆችዎም አታስተርጉሙ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብለው ያስመዝግቡ። እናት ልጇ ፊት «ከፍቶኛል» አትልም፤ ልጇን የወቀሰች ይመስላታል። ሐኪሙ ድብርትን PHQ-9 በሚባለው የዘጠኝ ጥያቄ መለኪያ እንዲመረምር ይጠይቁ፤ መለኪያው በኢትዮጵያ በአማርኛ ተፈትሿል። ብቸኝነትና ድብርት የተለያዩ ናቸው፤ ብቸኝነት «ሰው ናፈቀኝ» ሲል ድብርት «ሰውም ቢመጣ ምንም አይመስለኝም» ይላል። ሁለተኛው ከሆነ ሕክምና ይቅደም። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከወጣ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም፣ ወይም 988 ይደውሉ። የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 የደም ምርመራም አብሮ ይታዘዝ።

ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርገው መክፈታቸው ሌላ ፍንጭ ነው፤ ጆሯቸውን ያስመርምሩ። በደንብ የማይሰማ ሰው በጨዋታ መሃል ይጠፋበታል፣ ደግሞ መጠየቅ ያፍራል፣ ቀስ በቀስም ዝም ይላል። በ2023 በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 የሆነ 977 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ በጠቅላላው የአእምሮ ማሽቆልቆል ልዩነት ባያሳይም፣ ከመጀመሪያው ለአደጋ የተጋለጡት ላይ የመስሚያ መሣሪያው ማሽቆልቆሉን በሦስት ዓመት 48 በመቶ አዘግይቶታል። ሰው ቢሰበስቡላቸው እንኳ የማይሰሙ ከሆነ ልፋቱ ባክኖ ይቀራል።

ስለ 15ቱ ሲጋራ። ምንጩ በ2010 የወጣው፣ 148 ጥናቶችንና 308,849 ሰዎችን ያጠቃለለው የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የጁሊያን ሆልት-ለንስታድ ሥራ ነው። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው በጥናቶቹ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ያለ ነበር፤ የሲጋራው ንጽጽር የመጣው ከዚህ ቁጥር ነው። ነገር ግን የተለካው ስሜት ብቻ ሳይሆን ትዳር፣ የወዳጅ ብዛት፣ እገዛ ሁሉ ተደምሮ ነው፤ ጥናቶቹም የሚከታተሉ እንጂ የሚሞክሩ አልነበሩም። በ2017 በብሪታንያ 466,901 ሰዎችን ያየ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ብቸኝነት የሚሰማቸው ሰዎች የመሞት ዕድል በ38 በመቶ ከፍ ብሎ ቢታይም ሲጋራ፣ ገቢ፣ ድብርትና መሰል ነገሮች ሲሰሉ ልዩነቱ ጠፍቷል። ከሰው በተነጠሉት ላይ ግን ልዩነቱ ከ73 በመቶ ወደ 26 ወረደ እንጂ አልጠፋም። ለእርስዎ የሚጠቅመው ትርጉም ይህ ነው፦ ከብቸኝነት ጉዳት ብዙው የሚያልፈው በእንቅልፍ፣ በእንቅስቃሴ፣ በምግብ፣ በመድኃኒት አወሳሰድና በመሳሰሉት በኩል ሊሆን ስለሚችል እነዚህን ማስተካከል ይጠቅማል። እናትዎን በሲጋራ ቁጥር አያስደንግጧቸው።

ኦክሲቶሲን ምጥንና ጡት ማጥባትን የሚያግዝ ሆርሞን ነው፤ በመቀራረብም ውስጥ ድርሻ አለው። «የፍቅር ሆርሞን» የሚለው ስም ግን ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል። በአፍንጫ ሲነፋ መተማመንን ይጨምራል የተባለው ውጤት በተደጋጋሚ ሙከራ አልጸናም። ዕድሜ ልክ በጥንድ የሚኖሩት የሜዳ አይጦች ዋና ምስክር ነበሩ፤ በ2023 የኦክሲቶሲን መቀበያቸው በዘር ደረጃ የጠፋባቸው አይጦችም እንደ ሌሎቹ ጥንድ ሲፈጥሩ ታዩ። በኢንተርኔት የሚሸጠው ውስጥ ስንት እንዳለ ማረጋገጫ የለም። ሆርሞኑ በብዛት ሲገባ ውሃን በሰውነት አስቀርቶ ሶዲየምን ያወርዳል፤ የግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያሸና ዓይነት ከሆነ ስጋቱ ይበልጣል።

የሚሠራው ምንድን ነው? በ2011 የተጠናቀረ የሙከራዎች ትንተና ሰው መሰብሰብን፣ ክህሎት ማስተማርን፣ እገዛ መስጠትንና አስተሳሰብን ማቃናትን አነጻጽሮ፣ የተሻለው አራተኛው ሆኖ አግኝቶታል። ምክንያቱ ያ ዘብ የቆመ አንጎል ነው፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ሳለ ሰው ቢመጣም አይገባም። በተግባር ይህ ማለት «ትሄጃለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅን መተው ነው፤ መልሱ «አይ፣ ልጄ፣ አላስቸግር» ነው። ቀኑን ይቁረጡ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ጊዜ አብረው ይሂዱ፣ ሲመለሱ «ማን ጠየቀሽ? ምን አለችሽ?» ብለው ጠይቀው «ማንም አልፈለገኝም» የሚለውን ከሆነው ነገር ጋር ያስተያዩላቸው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ተመራማሪው ጄፍሪ ሆል በ2018 ባወጣው ጥናት ከትውውቅ ወደ ቀላል ወዳጅነት 50 ሰዓት ያህል፣ ወደ ጓደኝነት 90፣ ወደ ቅርብ ወዳጅነት ከ200 በላይ ያስፈልጋል። የተጠኑት አሜሪካውያን ናቸው፤ አንድ ሰፈር ያደጉ እናቶች ሊፈጥኑ ይችላሉ፤ ስሌቱ ግን ዓይን ይከፍታል። እሁድ ቅዳሴ ላይ ሰው በጸሎት ነው፣ አይጫወትም። ሲያልቅ እርስዎ መኪና አስነስተው ከጠበቋቸው ከሰው ጋር የሚያወሩት 20 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በዓመት 17 ሰዓት። በዚህ ፍጥነት የመጀመሪያዋን ወዳጅ ለማግኘት ሦስት ዓመት ይፈጃል። በሳምንት ሁለት ቀን ሦስት ሦስት ሰዓት ቢሆን 50 ሰዓቱ በዘጠኝ ሳምንት ይሞላል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ በሳምንት ሁለት የማይሰረዙ ቀኖች ይኑሩ። ማክሰኞና ሐሙስ እንበል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩና በአጥር ግቢው ከሚቀመጡት እናቶች ሁለት ወይም ሦስት ይለዩ፤ ሰፈራቸውን ይጠይቁ፣ የልጆቻቸውን ስልክ ይውሰዱ። ችግሩ ሁልጊዜ መኪና ነው፤ ስለዚህ እናንተ የእናቶቹ ልጆች ተነጋግራችሁ በተራ አድርሱ። የቡናው ዙር በየቤቱ ይዙር፤ እናትዎ አስተናጋጅ የሚሆኑበት ሳምንት ከሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሰጪነታቸው ይመለሳል። አፓርታማ ከሆነ ዕጣኑን መስኮት ከፍተው በጥቂቱ ያጭሱ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ የእሳት አደጋ መኪና የመጣ ቀን እናትዎ ዳግመኛ ሰው አይጠሩም። ቡናው ከቀትር በፊት ይሁን፤ ካፌይን በአምስት ሰዓት ገደማ ገና ግማሹ በደም ውስጥ ነው። አቦሉ ጠንካራ ነውና እሱን ጠጥተው ቶናና በረካውን አቅጥኖ መቀጠል ይቻላል። የሚሰበሰብ እናት ከታጣ ካውንቲው ዕድሜያቸው 60 ላለፈ ሰዎች የሚያዘጋጀውን የጋራ ምሳ ይጠይቁ፤ አማርኛ ተናጋሪ ያለበትን ይምረጡ።

ሦስተኛው ስልክ ነው፤ ስልክ ይናቃል፣ መናቅ ግን የለበትም። በ2021 በቴክሳስ 240 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ቤት ለዋሉ ሰዎች ምግብ ከሚያደርስ ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ጋር ወጣቶች በሳምንት ብዙ ቀን ለአሥር ደቂቃ ያህል በስልክ አወሩ፤ በአራት ሳምንት ብቸኝነቱም ድብርቱም ቀነሰ። የቨርጂኒያ ማለዳ ለአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ልዩነቱ እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ስለሆነ። እናትዎ ቁርሳቸውን ይዘው፣ የቀድሞ ጎረቤታቸው የከሰዓቱን ቡና አቅርባ ማውራት ይችላሉ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን፤ የሚጠበቅ ነገር መኖሩ ራሱ ቀኑን ይይዘዋል።

ከልጆቹ ጋር ያለውን ደግሞ በቋንቋ አይገድቡት። በፀጉራማ ቆዳ ላይ በሴኮንድ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ፍጥነት ላለው፣ ለብ ላለ ዳበሳ ይበልጥ የሚነቁ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፤ መልእክታቸው ኢንሱላ ወደሚባለው የስሜት ክፍል ይደርሳል። አያት የልጅ ልጇን ፀጉር ስትቀባ እጇ የሚሄደው በዚያ ፍጥነት ገደማ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሩን ቀብቶ ሹሩባ መሥራት የእሳቸው ሥራ ይሁን፤ በዚያው አሥር የአማርኛ ቃል ያስተምሩ።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ቤት ውስጥ ኩርፊያ ካለ ይህ ሁሉ ይደክማል። በ2005 በታተመ የ42 ጥንዶች ጥናት ሲነጋገሩ ጥላቻ ያሳዩት ሰዎች ክንዳቸው ላይ የተሠራው ትንሽ ቁስል የዳነው ከሌሎቹ ፍጥነት በ60 በመቶው ብቻ ነበር። በባለቤትዎና በእናትዎ መካከል ያልተነገረ ነገር ካለ ቀድሞ ይነገር።

ከመጀመርዎ በፊት በኢትዮጵያ ጥናቶች በብዛት የሚሠራበትን፣ ማኅበራዊ ድጋፍን የሚለካውን የኦስሎ ሦስት ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ ከባድ ችግር ቢገጥምሽ የምትተማመኚባቸው ስንት ቅርብ ሰዎች አሉሽ? ሰዎች ስለ አንቺ ምን ያህል ይጨነቃሉ? ከጎረቤት እገዛ ማግኘት ምን ያህል ይቀላል? የመጀመሪያው ከ1 እስከ 4፣ የቀሩት ከ1 እስከ 5 ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ድጋፋቸው ደካማ ነው። በ12ኛው ሳምንት እሱንም የሰባት ቀኑን ግፊትም ይድገሙ። መድኃኒቱ በሐኪም ሳይታዘዝ አይቀነስ፣ ቁጥሩ ቢሻሻልም። የኦስሎው ድምር ጨምሮ ግፊቱ ካልወረደ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ያስተካክል። ሁለቱም ካልተሻሻሉና እናትዎ መመለስን ከፈለጉ፣ ከስድስት ወር ባነሰ ጉብኝት ይጀምሩ፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያለ ፈቃድ ከዓመት በላይ ከቆየ መኖሪያውን ሊያጣ ይችላል። ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት ግን እነዚያ የድሮ ጎረቤቶች አሁንም እዚያው ሰፈር መኖራቸውን ደውለው ያረጋግጡ።